ጋርባትን ያልቀሰቀሰው ዘንግ

ሰው ሁሉ የየራሱ ሥራ አለው። የኔ ሥራ በሳምንቱ ስድስት ቀን ጫማ መስፋት፣ በሰባተኛው ቀን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተኛ መጎሰም ነበር። ሳቃችሁን ጨርሱና ልቀጥል። በኛ በሞስቢ ደብር ይህ የተከበረ ሹመት ነው። ከኔ በፊት የነበረው ሰው ሲሞት ሦስት ሰዎች ተሻምተውበት ነው እኔ አምብሮዝ ፔክ ያገኘሁት። ቁመቱ ከኔ የሚበልጥ ዘንግ ተሰጠኝ። አንደኛው ጫፉ ላይ ድቡልቡል እንጨት አለች፤ እሷ ለወንዶች ናት። በሌላኛው ጫፍ የቀበሮ ጭራ ታስሯል፤ እሱ ለሴቶች ነው፣ ፊታቸውን ዳሰስ ሲያደርጋቸው አስነጥሰው ይነቃሉ። ቄስ ኤልዊን ስብከት ሲጀምሩ ዘንጉን ከተሰቀለበት አወርድና በወንበሮቹ መሃል እየተመላለስኩ አንገቱ የዘነበለውን እፈልጋለሁ።

ዱላ ያዢ ሁሉ ጎሳሚ አይደለም። ሽማግሌ ትከሻው ላይ ነው የሚነካው። ጎረምሳ ጎኑን ነው። ገበሬ ደግሞ አናቱን ካላሉት አይሰማም። “ኧረ ተነሥ፣ ሰው እያየህ ነው” የሚል ለስለስ ያለ ጉሰማ አለ፤ “ዛሬስ አበዛኸው” የሚልም አለ። በሬ የሚነዳ ሰው አንድ ዓይነት ብቻ ነው የሚያውቀው፤ እኔ ስምንት አውቃለሁ። ደግሞ እጄ የተኛውን ካልተኛው ይለያል። የተኛ ራስ እንደ ዱባ ነው፣ ሲነኩት ይንከባለላል። ይቺን ያዙልኝ፣ ኋላ ትፈለጋለች።

እንግዲህ በዚህ ደብር ውስጥ በእንቅልፍ የሚስተካከለው ያልነበረው ሳይላስ ጋርባት ነው። ሚስቱ የሞተችበት፣ አንድ ልጅ ብቻ ያለችው፣ አንገተ ደንዳና ገበሬ። ስብከቱ ከተጀመረ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ተኝቶ፣ ግንድ እንደሚቆርጥ መጋዝ ያንኮራፋል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ካጠፋሁት ጉልበት ግማሹ ያለቀው በሱ አናት ላይ ነው። ተቀይሞኝ አያውቅም። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አናቱን እያሻሸ፣ ዛሬስ ክንድህ በርትቷል ብሎኝ ይሄዳል።

ልጁ ሄስተር ትባላለች። ራልፍ ትሪንደር የሚባል ቦይ ቆፋሪ ወደደች። ራልፍ መሬት የለው፣ በሬ የለው፤ አካፋና ሁለት ክንድ ብቻ ነው ያለው። ከወደ ምሥራቅ፣ ከረግረጉ አገር፣ ሥራ መጣለት። ባለትዳር ለሆነ ሰው ከነቤቱ ይሰጣል፤ ላላገባ አይሰጥም፤ መስከረም ሳያልቅ መድረስ አለበት። ሄስተር ደግሞ ሃያ አንድ ዓመት ሊሞላት አምስት ወር ይቀራት ነበር። በኛ አገር ሕግ የሚጋቡ ሰዎች ስም ሦስት እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይነበባል። ዕድሜዋ ያልደረሰ ልጅ አባት እዚያው፣ ስሟ ሲነበብ፣ ብድግ ብሎ አልፈቀድኩም ካለ ነገሩ አለቀ። ማክሰኞ ቄሱ ቤት ሄዶ ማጉረምረም አይቆጠርለትም። እሑድ፣ ሰው ፊት፣ በገዛ አፉ ነው።

ጋርባት ራልፍን ይጠላው ነበር ወይ ብትሉኝ እኔ እንጃ። ነገሩ የተበላሸው መጠጥ ቤት ነው። ሥጋ ሻጩ ሆብደይ የሚባል ሰው አለ፤ እሱም ጎሳሚ ነው፣ የሱ ዘንግ ምላሱ ነው። አንድ ምሽት ጋርባትን ይዞ ነገር ወጋ ወጋ ያደርገው ጀመር። ልጅህን ለጭቃ ዳርካት አሉ፣ ለጥሎሽ አካፋ አመጣልህ ወይ፣ እያለ። ሌሎቹ ይስቃሉ። ጋርባት ሦስተኛውን ቢራ ጨርሶ ጠረጴዛውን መታና፣ “ዓይኔ እያየ ልጄን ቦይ ቆፋሪ አያገባትም። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ እከለክላለሁ፣ በሚስቴ መቃብር” ብሎ ማለ። እኔም ነበርኩ፣ ሰምቻለሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

የመጀመሪያው እሑድ መጣ። ስም የሚነበበው ከሁለተኛው ንባብ በኋላ ነው፤ ስብከቱ ገና ነው፤ ስለዚህ ዘንጌ እንደተሰቀለ ነው። ቄሱ የሄስተርንና የራልፍን ስም ሲጠሩ የሰው ራስ ሁሉ ወደ ጋርባት ዞረ። ጋርባት አገጩ ደረቱ ላይ ወድቆ፣ ዓይኑን ከድኖ ቁጭ ብሏል። ቄሱ ትንሽ ጠበቁ። የተነሣ የለም። አለፉ።

መጠጥ ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ጋርባት ሙቀቱን አማረረ፣ አጨዳውን አማረረ፣ ጎህ ሳይቀድ ነው የተነሣሁት አለ። በሚቀጥለው እሑድ ታያላችሁ አላቸው። በሚቀጥለውም አየን፤ ደግሞ ተኛ። ያን ቀንማ ሆብደይ ለጋርባት ትራስ ይዞለት መጣ።

እኔን ግራ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። ይህን ሰው በእንቅልፍ የማውቀው እኔ ነኝ። በስብከት ይተኛል፤ በንባብ ተኝቶ አያውቅም። ቢተኛ ደግሞ ያንኮራፋል። ሁለቱንም እሑድ ትንፍሽ አላለም። ነገሩ አልጥምህ ብሎኝ ለባለቤቴ ለዶርካስ ነገርኳት። ሰው ሲደክመው ይተኛል፣ የሰው እንቅልፍ ከምትቆጥር ጫማህን ስፋ አለችኝ።

ሦስተኛው እሑድ ሊደርስ ሲል ሆብደይ መላ አመጣ። ለምን ፔክ ዘንጉን ቀደም አድርጎ አያወርድም አለ። ሁሉም ወደ ጋርባት ዞሩ። ጋርባት ቢራውን ቁልቁል ሲያይ ቆየና ቀና ብሎ፣ “አምብሮዝ፣ እሑድ ዘንግህን ከመጀመሪያው አውርድ። ከተኛሁ ምታኝ። ካልነቃሁ ድገመኝ” አለ፣ ሁሉ ሰው እየሰማ። ብርጭቆ ተንኳኳ። እሺ ከማለት በቀር ምን እላለሁ? ቄስ ኤልዊን ዘንድ ሄጄ ፈቃድ ጠየቅኩ። እሳቸውም በንባብ መተኛትም በስብከት መተኛትም ያው ኃጢአት ነው፣ ግዴታህን ተወጣ ብለው አሰናበቱኝ። እኔ የፈለግሁት እንዲከለክሉኝ ነበር።

በማግሥቱ ሄስተር ሱቄ መጣች። ጫማ ይዛለች። ገልብጬ አየሁት፤ ምንም አልሆነም።

“ይህ ጫማ ደህና ነው” አልኳት።

“አውቃለሁ” አለችኝ። “ሚስተር ፔክ፣ እሑድ አይቀስቅሱት።”

አባትሽ ራሱ ነው ያዘዘኝ አልኳት። ሹመቴ ነው፣ መሐላ አለብኝ፣ ሰው ሁሉ ያየኛል አልኳት። ስናገር ራሴን ሰማሁት፤ ደስ አይልም። እሷ አላለቀሰችም፣ አልለመነችም። በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ባለፈው ክረምት ላማቸው ቦይ ውስጥ ስለገባችበት ቀን አወራችኝ። ራልፍ እስከ አንገቱ በበረዶ ውኃ ገብቶ አወጣት። አባቷ ያን ቀን የገዛ ካፖርቱን አውልቆ አለበሰው፣ እሳት ዳር አስቀመጠው፣ ከራሱ ሳህን አበላው።

“ይወደዋል” አለች። “ግን ምሏል። ከተነሣ ይከለክላል። ከከለከለ ራልፍ ብቻውን ይሄዳል፤ ተመልሶ እንደማይመጣ አውቃለሁ። አንድ ቀን ብቻ እጅዎ ይስነፍ።”

አየኋት፣ አየኋትና እሺም እምቢም አላልኳት። ጫማዋን መለስኩላት። ያን ሌሊት ዶርካስን አማከርኳት። አንዴ ተወው፣ ልጅቱ ትዳሯን ትያዝ አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ ብትተወው ሆብደይ ዘንጉን ለሌላ ያሰጥብሃል፣ በርትተህ ጎስመው አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ሁለቱንም አድርግ አለችኝ። እንዴት ነው ሁለቱንም የማደርገው ብላት ተኝታለች። እሷን የሚጎስም የለ።

እሑድ ሙቀቱ ከጠዋቱ ጀምሮ አናት ይበሳ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ለፋሲካ እንኳ እንዲያ አይሞላም። ሆብደይና ጓደኞቹ ከጋርባት ወንበር ጀርባ ተደርድረዋል። ራልፍ በሩ አጠገብ ቆሞ ቆቡን ይጠመዝዛል። ሄስተር ከአባቷ ጎን ነች፤ ጓንቷን አውልቃ ደግሞ ታጠልቃለች። እኔ ዘንጌን ይዤ ጋርባት አጠገብ ቆምኩ። አምላኬ ሆይ ዛሬ እንቅልፍ አይውሰደው፣ የሚሆነው ይሁንና እኔ ከደሙ ንጹሕ ልሁን ብዬ ጸለይኩ። ይህን ስል እፍረት ተሰማኝ፤ ካልተኛ ሄስተር አለቀላት ማለት ነው እኮ።

ሁለተኛው ንባብ ሲጀመር የጋርባት አገጭ ደረቱ ላይ ወደቀ።

ትከሻውን ነካሁት። ምንም። ሆብደይ ከኋላ ጉሮሮውን ጠረገ። አናቱን በድቡልቡሏ ቀስ አድርጌ አልኩት። ምንም። ያኔ ነው እጄ አንድ ነገር የነገረኝ። የተኛ ራስ ይንከባለላል ብያችሁ የለ? ይሄ ራስ አልተንከባለለም። አንገቱ እንደ ምሰሶ ተገትሮ ይዞታል። ጎንበስ ብዬ ፊቱን አየሁ። በኔ በኩል ያለው ዓይኑ በስሱ ተከፈተ፣ አየኝ፣ መልሶ ተዘጋ።

ይህ ሰው ነቅቷል። ከነቃ ለምን አይነሣም? መነሣት ካልፈለገ ለምን ምታኝ አለ? ቄሱ ንባቡን ጨርሰው ወረቀቱን አነሡ። “በለው እንጂ ፔክ” አለ ሆብደይ፣ በሹክሹክታ፣ ግን እስከ በሩ በሚሰማ ሹክሹክታ። ሄስተር አንዴ አየችኝና ዓይኗን ጨፍና አጎነበሰች። አንዱ ከኋላ እየጎሰመኝ፣ አንዷ በዓይኗ እየያዘችኝ፣ እኔ መሃል ላይ እንደ ሞኝ ቆሜያለሁ።

ያኔ የጋርባት ከንፈር ትንሽ ተነቃነቀ።

“ጠበቅ አድርገህ ምታ” አለኝ። ከኔ በቀር የሰማው የለም።

አሁንም አልገባኝም፤ አልዋሻችሁም። እጄ ግን ከኔ ቀድሞ ገባው መሰለኝ። ዘንጉን ወደ ኋላ ወስጄ ከግራ ጆሮው በላይ አሳረፍኩበት። በአሥራ አንድ ዓመት እንዲያ አድርጌ ማንንም መትቼ አላውቅም። ድምፁ ጣሪያ ደርሶ ተመለሰ። ከሴቶቹ መሃል አንዷ የጌታ ያለህ አለች። ጋርባት ንቅንቅ አላለም። ቅንድቡ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ጥቅጥቅ ካለ ፀጉሩ ሥር ደም ብቅ ሲል ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ቄሱ ስማቸውን አነበቡ። ተቃውሞ ያለው ይናገር አሉ። ጠበቁ። የዚያን ያህል ጠብቀው አያውቁም፤ ዝንብ ሲበር ይሰማ ነበር። በዚህ መሃል ጋርባት ማንኮራፋት ጀመረ። ወይ ማንኮራፋት። ሲተኛ ግንድ የሚቆርጠው ሰው፣ ነቅቶ ሲያንኮራፋ የአሳማ ግልገል አከለ። ሳቄ መጣ፤ ከንፈሬን ነከስኩ። ቄስ ኤልዊን ወረቀቱን አጥፈው መጽሐፋቸው ውስጥ ከተቱት። አለቀ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ጉድጓድ አለ። ጋርባትን እዚያ አገኘሁት፤ ባርኔጣውን አውልቆ አናቱ ላይ ውኃ እያፈሰሰ ነው። በመጀመሪያ ልጠይቀው የፈለግሁት አመመህ ወይ ብዬ ነበር። አፌ ግን ሌላ አወጣ።

“ስንተኛው እሑድ ነው ነቅተህ የተኛኸው?” አልኩት።

“ሦስቱንም።”

“ታዲያ ሰው አይደለህ? አፍ የለህ? ፈቅጃለሁ አትልም?”

“ምያለሁ እኮ።”

“ማን አስማለህ?”

“እነሱ” አለ። ውኃውን ከፊቱ ጠረገ። “እኔ” አለ ቆይቶ።

ንዴቴ መጣ። እንዴት ያለ ነገር ነው? ሆብደይ ከሚስቅበት አናቱ ቢፈነከት ይሻለዋል። ጭንቅላቱን ለመስጠት ደፍሮ አፉን ለመክፈት ይፈራል። ይህን ሁሉ ነገርኩት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ይመለጣል፣ ያንተስ ተፈነከተ አልኩት። ስጨርስ እጄን ያዘና ለማንም እንዳትናገር አለኝ።

“ለሄስተርም?”

“ለሄስተር በተለይ። ካወቀች ሰው መሃል ሮጣ አንገቴ ላይ ትጠመጠማለች” አለ። “ያኔ እኔም…” ብሎ አቆመ። ባርኔጣውን ደሙ ላይ ደፍቶ ሄደ። እኔም በእጄ ጨብጬ ቃል ገብቼለት ነበርና ተያዝኩ።

እዚያው ስቆም ሄስተር እየሮጠች መጣች። አባቷን አይደለም የፈለገችው፤ እኔን ነው። ሁለት እጄን ይዛ ሳመችኝ። ወንበሩን ነው የመቱት አይደል፣ ድምፁን ሰምቼ አውቄያለሁ፣ እጅዎን ለኔ ብለው ነው ያቀለሉት አለችኝ። አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት። ዝምታዬን አዎ ነው ብላ ወሰደችው። እስከምሞት ውለታዎን አልረሳም ብላኝ ወደ ራልፍ ሄደች።

በሳምንቱ ተጋቡ። ጋርባት ሠርጉ ላይ አልተገኘም፤ ያን ቀን ሙሉ ከብቶቹ ጋር ዋለ። ልጅቱ ልትሰናበተው ስትሄድ በሩ ተዘግቷል። ጋሪ ላይ ተሳፍረው ወደ ረግረጉ ሄዱ። በኔ ላይ ደግሞ ስም ወጣ፤ ጋርባትን ያልቀሰቀሰው ዘንግ ይሉኝ ጀመር። ልጆች ሳይቀሩ ባለፍኩበት የአሳማ ግልገል ማንኮራፋት ያንኮራፉብኛል። የተኛ አሳልፌ የማላውቅ ሰው ነበርኩ፤ ቆሽቴ አረረ። ግን ምን እላለሁ።

የዚያ ዓመት ገና ሲደርስ ከረግረጉ በርሜል መጣ። እንደ እባብ የረዘመ፣ በጭስ የደረቀ ዓሣ ሞልቶበታል፤ ሄስተር በገዛ እጇ አጥባ፣ ጨው ነስንሳ፣ አጭሳ ነው የላከችው። ከሱ ጋር “ለቀለለችው እጅ” የሚል ጽሑፍ አለ። ዶርካስ ደስ ብሏት ቆርሳ በላች። እኔ አንዱን አነሣሁ፤ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። የኔ እጅ አልቀለለችም። የሰው ውለታ ነው የምበላው።

በሦስተኛው ቀን በር ተንኳኳ። ጋርባት ነው። ቁጭ በል ብንለው እምቢ አለ። እዚህ ዓሣ መጣ አሉ አለን። ዶርካስ አንድ ሰጠችው። ቆሞ፣ በትንሽ በትንሹ፣ አጥንቱን እየለየ፣ ሩብ ሰዓት ያህል በላው። ጣቱን ላሰ።

“ጨው በዝቶበታል” አለና ወጣ።

በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በርሜሉ በመጣ በሦስተኛው ቀን መጣ። በሦስተኛውም ዓመት። በየዓመቱ ቆሞ ይበላል፣ ጨው በዝቶበታል ይላል፣ ይሄዳል። አንድ ዓመት ላይ አላስችል አለኝና ሂድና እያት እንጂ፣ አህያ አይደለህ አልኩት። መሐላው እኮ አልፏል፣ ሆብደይም ረስቶታል አልኩት። በመጀመሪያው ዓመት ብሄድ ኖሮ ቀላል ነበር፣ አሁን ምን ብዬ እገባለሁ አለኝ። ታዲያ እኔ ልንገራት ብለው ቃልህን አስታውስ አለኝ። እሷም ቤቱን ረግጣ አታውቅም፤ በሰው በኩል የሚደርሰኝ ወሬዋ አባቴ ቢነቃ ኖሮ ሕይወቴን ያጠፋው ነበር የሚል ነው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የኔ ዝምታ ነቅዞ ነቅዞ ሆዴን በላው። ቃል መጠበቅ ጽድቅ ይሁን ኃጢአት ያኔም አላወቅኩ፣ አሁንም አላውቅ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ስድስት ገና አለፈ። ከስድስተኛው ገና በኋላ፣ በየካቲት፣ ጋርባት በከብቶቹ በረት ወድቆ ተገኘ። ይኼኛው እንቅልፍ የምሩ ነው። ወደ ረግረጉ ሰው ላክን። ሄስተር መጣች፤ ጥቁር ለብሳለች፣ ዓይኗ ደረቅ ነው። የልጅ ግዴታዬን ተወጥቼ እመለሳለሁ አለች። እሷና ዶርካስ አስከሬኑን ሊያጥቡ ገቡ።

እኔ ሱቄ ውስጥ ነበርኩ። በሩን ከፍታ ገባች። እጇ እስከ ክርኗ እርጥብ ነው። ጭራውን ላድስ አምጥቼ ግድግዳው ላይ ያቆምኩትን ዘንግ አየች፤ ሄዳ ድቡልቡሏን በጣቷ ዞረቻት።

“ከግራ ጆሮው በላይ ጠባሳ አለ” አለችኝ። “ፀጉሩን ሳጥበው ጣቴ ገባበት። የዚችን ያህል ነው። እርስዎ ግን ወንበሩን ነበር የመቱት።”

“አንቺ ነሽ ያልሽው። እኔ ዝም ነው ያልኩ” አልኳት፤ እንዲህ ያለ ከንቱ መልስ።

ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት። ሦስቱንም እሑድ ነቅቶ እንደነበረ፣ ዓይኑን ገልጦ እንዳየኝ፣ ጠበቅ አድርገህ ምታ እንዳለኝ፣ ደሙን፣ ጉድጓዱን፣ ያስገባኝን ቃል። እያንዳንዱን ስናገር እቀልላለሁ ብዬ ነበር፤ ፊቷን ሳይ ከበደኝ። በርጩማው ላይ፣ ያኔ ጫማ ይዛ የተቀመጠችበት ላይ፣ ተቀመጠች።

“ስድስት ዓመት ዓሣ ላክሁልዎ” አለች። “ለእርስዎ። ለሱ አንድ ቀን አልላክሁም።”

ይቺን ስትል ያ ሁሉ ዓመት ጉሮሮዬ ላይ የቆመው ነገር ምን እንደሆነ ገባኝ።

“በልቶታል” አልኳት። “በርሜሉ በመጣ በሦስተኛው ቀን፣ በየዓመቱ። እዚያ፣ በሩ አጠገብ፣ ቆሞ ነበር የሚበላው። አጥንቱ ላይ ምንም አያስቀርም።”

ቀና አለች። “ምን ይል ነበር?”

መዋሸት ይቻለኝ ነበር። እግዜር ይስጣት፣ ልጄ ትባረክ ይል ነበር ማለት እችል ነበር። ዝምታውም ውሸቱም ሰለቸኝ።

“ጨው በዝቶበታል ይል ነበር” አልኳት።

መጀመሪያ የሳቀች መሰለኝ። ሳቅም ነበረበት። እናቴንም እንዲህ ነበር የሚላት፣ ሳህኑን ጠርጎ ከበላ በኋላ አለችና ፊቷን በእርጥብ እጇ ሸፈነች። እንዲያ ሆኖ ሲለቀስ አላየሁም። ምን ማድረግ እንዳለብኝ ግራ ገባኝ፤ መዶሻዬን አነሣሁ፣ አስቀመጥኩ። በመጨረሻ ዶርካስ መጥታ የዘንድሮውን በርሜል ከጓዳ ጎትታ አወጣች። ግማሹ አልተበላም ነበር፤ ለለቀስተኛው እንውሰደው አለች።

ሄስተር ፊቷን ጠርጋ ተነሣች። ከበርሜሉ አንድ ዓሣ አውጥታ በሩ አጠገብ ሄዳ ቆመች። ቆማ፣ በትንሽ በትንሹ፣ አጥንቱን እየለየች በላች። ጠበቅናት።

“እውነቱን ነው” አለች። “ጨው በዝቶበታል።”